ደረቴ ላይ የሞቀ ወረቀት

በቀደም ለት መቱ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለው ኮፒ ቤት ገብቼ አንድ ወረቀት አሳተምኩ። ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ነካ ነካ አደረገችው። ጥግ ላይ የተቀመጠው ማሽን ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጉረመረመና ወረቀቱን ተፋው። አንስታ ሰጠችኝ። ሞቅ ብሏል። ሽታው ከካውያ ሥር እንደወጣ ልብስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አጥፎ ኪሱ ከቶ ይሄዳል። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ ወዲያ ወዲህ ማርገብገብ ጀመርኩ። ልጅቷ ትንሽ ታገሰችኝና «አባባ፣ ቀለሙ እኮ ደርቋል» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። «ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?» «እስኪበርድ።» ዞር ብላ ጓደኛዋን አየቻት። ጓደኛዋ ከንፈሯን ነከሰች። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በነሱ ዕድሜ ወረቀት የሚያበርድ ሽማግሌ ባይ እስቅ ነበር። ከማሽን ጋር የቆየ ቂም ያለኝ ሰው ነኝ ብዬ እዚያ ቆሜ ላስረዳቸው አልችልም። እዚህ ተቀምጬ ለእናንተ ላስረዳ።

እኔ ወረቀት አመላላሽ ነበርኩ። ማዕረጌን ከፍ ለማድረግ ስፈልግ «የሰነድ ሥርጭት» እል ነበር። የቢሮው ታይፒስት መርጋ አጠገቤ ካለ ግን አልልም፣ ይስቅብኛላ። ያኔ አገሩ ኦሮሚያ ከተባለ ብዙም አልቆየም ነበር። የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በቁቤ ተጽፎ ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል። የምሠራው ሐጂ በምንላቸው ነጋዴ የቡናና የማር ድርጅት ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ መቱ፣ አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ጭቃው ጫማ በሚያወልቀው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊና ከአንድ ካሴት ቤት መካከል ነበር። በግራ የስፌት መኪና ይንጣጣል፣ በቀኝ ኦሮምኛውና አማርኛው ዘፈን ሲፈራረቅ ይውላል፣ መሀል ላይ መርጋ ታይፕ ይመታል። ከዘፈኑ ጋር እያስኬደ ነበር የሚመታው፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ለቅርንጫፎች የሚላከው ሰርኩላርም ይፈጥናል፣ ትዝታ ሲሆን ደብዳቤው ራሱ ያዘነ ይመስላል። ስቴንስሉን ቆርጦ በእጅ በሚዞረው ማባዣ ያባዛዋል፣ ሐጂ ይፈርማሉ፣ ክቡ ሐምራዊ ማህተም ጠብ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። መኪና መቼ እንደሚመጣ፣ ጆንያ እንዴት እንደሚሰፋ፣ እርጥብ ቡና እንዳይገዛ፣ ለጭነት መኪናው የሚያዘው መሸኛ፣ ሁሉም በእኔ እግር ነው ቅርንጫፍ የሚደርሰው።

መርጋን ካነሳሁ አይቀር ላስተዋውቃችሁ፤ ይህን ሰው እስከ መጨረሻው አትገላገሉትም። ጎሬ አንድ ክፍል የተማርን እኩያዬ ነው። እኔ ዝናቡ እኔኑ የሚጠብቅ ይመስል ሁልጊዜ ርጥብ ስሆን፣ እሱ በክረምቱ መሀል ነጭ ሸሚዙ ላይ አንዲት የጭቃ ጠብታ የለችም። ደረት ኪሱ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ጸጉሩ በቅባት የተኛ ነው። ድምፁ ደግሞ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ፣ ወፍራምና ልስልስ። ሰርግ ላይ ስጦታ የሚያነብ እሱ፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ እሱ። ሐጂ ቢሯቸው ውስጥ አቅፈው ሊስሙት ምንም አልቀራቸውም። ክፋቱ ጥሩ ሰው መሆኑ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ ሻይ ይጋብዛል፣ ሚስቱን ይወዳል። ሰው እንዲህ ያለውን ሰው ለመጥላት ስንት ይደክማል መሰላችሁ። እኔ ግን አልሰነፍኩም።

መንገዴ እንዲህ ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ሁሩሙ፣ በማግስቱ ወደ ጎሬና ቡሬ። ሁሩሙ በገበያ ቀን ነው የምሄደው፤ ማሩ በቅል፣ በጣሳ፣ በጀሪካን ተደርድሮ ንብ ከሰው እኩል ትገበያያለች። ጎሬ ኮረብታው ላይ ጉም ውስጥ ተቀምጣ የድሮ ወጓን ታወራለች፤ እዚያ የሚጠጣ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ብርጭቆውም እንዳሁኑ የአሻንጉሊት አልነበረም፣ ሁለት እጅ ያሞቃል። ልብሴ ካኪ ሱሪ፣ ከአጎቴ የወረስኩት ካፖርትና የላስቲክ ቦቲ ነው። ቦርሳም ነበረኝ፣ ግን ቦርሳ የኢሉባቦርን ዝናብ አያውቀውም። ያገሬ ዝናብ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ በቁልፍ ቀዳዳም ይገባል። ስለዚህ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር፣ ደረቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሚኒባሱ እየተንገጫገጨ፣ ረዳቱ «ሲኢቂ፣ ሲኢቂ»፣ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ፣ ካሴቱ እያላዘነ፣ ያ ወረቀት ከእኔ ጋር ይሞቃል። ቡሬ ስደርስ ደረቴ ላይ ድመት አስተኝቼ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ቡሬ ውስጥ ብርቄ ነበረች። ያኔ በወጉ እትዬ ብርቄ እላት ነበር፣ እሷም ጋሼ ታዬ ትለኛለች። ከሁለታችንም አፍ ከዚያ የዘለለ ነገር አልወጣም። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ሴት ልጅ ድራ የጨረሰች፣ የሐጂን የቡሬ መጋዘን የምታስተዳድር ሴት ናት። ሻሿ ላይ እስክሪብቶ ትሰካለች። መርጋ ደረቱ ላይ የሚሰካው ሦስት ነው፤ የእሷ አንድ ነበር፣ ያም ሁልጊዜ ይጠፋባትና ራሷ ላይ ሆኖ ትፈልገዋለች። እኔ አይቼው ዝም እላለሁ፣ እሷ ስትፈልገው እኔም ትንሽ ስለምቆይ። ወረቀቱን ስሰጣት መጀመሪያ አታነበውም። የእጇን ጀርባ ታሳርፍበትና «ሆኤራ» ትላለች፤ ሞቋል ማለቷ ነው። ለማንም አይደለም የምትለው፣ ለእኔም አይደለም፣ እንዲሁ ለራሷ ነው። ከዚያ ዞራ ወደ ብርሃኑ ይዛ ታነበዋለች። በቃ ይኸው ነው። ሚስት የሞተችብኝ፣ ጢሜ የሸበተ ሰው፣ በዚህች አንዲት ቃል ከመቱ ቡሬ፣ ከቡሬ መቱ ስመላለስ ዓመታት አለፉ። እንዳልነግራት ምን ከለከለኝ ብትሉኝ፣ ምን ቸኮለኝ እላችኋለሁ። ነገ ተነገ ወዲያ ሌላ ሰርኩላር አለ። ሐጂ እስካሉ፣ ቡና እስካለ፣ ወረቀት እስካለ እኔ ቡሬ አልጠፋም። ነገሬን ሁሉ በወረቀት ላይ የጣልኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ታዲያ አንድ ጊዜ መርጋ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላከ። ሲመለስ ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ፋክስ መጥቶ ያውቃል፤ እሱ እንኳ አላስፈራኝም፣ ዝናብ ሲዘንብ መስመሩ ይቆረጣል፣ እኛ ጋ ደግሞ ዝናብ መቼ ይቀራል፣ ስለዚህ ፋክሱን በሐዘኔታ ነበር የማየው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ሐጂ ሁላችንንም ሰብስበው ከአሁን ወዲያ ሰርኩላር በኢሜል ነው አሉ። መርጋ ቆሞ በዚያ ድምፁ አስረዳን። እዚህ ይጫናል፣ እዚያ ይወጣል፤ በሁሩሙ፣ በጎሬ፣ በቡሬ በአንድ ጊዜ። እጄን አወጣሁና በዝናብስ አልኩ። «ዝናብ አያውቀውም» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፣ ከሥራ አላስወጡኝም፤ መጋዘን ጆንያ ቆጣሪ አደረጉኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ መልእክት አለህ ብለው ካርቶን አሳዩኝ። ለቡሬ ቅርንጫፍ የተገዛው ፕሪንተር ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሥራዬን የሚነጥቀኝን ጉድ ተሸክሜ፣ ከመቱ ቡሬ ድረስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወሰድኩት። መርጋም ሊተክለው አብሮኝ መጣ፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ፣ ሸሚዙ ነጭ። ጣሪያ ላይ ይጫን ብል «ይሰበራል» አለኝ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ካርቶኑን አየና የሰው ቦታ ይዟል፣ የሱንም ክፈሉ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያን መንገድ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ሁለት ቦታ ይገባዋል ብሎ ያሰበልኝ የለም። እሱ በመጀመሪያ ጉዞው እንደ ክቡር እንግዳ ተከፈለለት። ኮረኮንቹ ላይ ስንዘል እቅፌ ውስጥ እንዳይንገጫገጭ አጥብቄ ያዝኩት፣ ምን ላድርግ፣ አደራ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ፣ ሕፃን ነው እንዴ የያዙት አለችኝ። እንጀራ ልጅ ነው አልኳት። መርጋ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ቡሬ ደረስን። ብርቄ ጠረጴዛ ጠርጋ፣ ጨርቅ አንጥፋ ጠብቃለች። ለእኔ ጠረጴዛ ተጠርጎ አያውቅም። መርጋ ገመዱን ቀድሞ ከመጣው ኮምፒዩተር ጋር ሰካ፣ ሞባይሉን አውጥቶ መቱ ደወለ፣ ላኩ አለ። ሁላችንም ቆመን ማሽኑን አየን። እኔ በልቤ ዝናቡን ስለምን ነበር። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀቱንም አወጣ። ብርቄ አነሳችው። መጀመሪያ አላነበበችውም። የእጇን ጀርባ አሳረፈችበት። «ሆኤራ» አለች።

መርጋ ምኑም አልገባው፤ አዎ፣ ሲያትም ይሞቃል ብሎ ስለ ማሽኑ ማብራራት ቀጠለ። እኔ ከበሩ ወጥቼ አጥር ሥር ቆምኩ። ቅናት ሰው ላይ ሲሆን መላ አለው፤ ሰውየው ያረጃል፣ ይታመማል፣ ያዳልጠዋል። ማሽን ላይ የቀና ሰው ግን ምን ያደርጋል? እኔ ከሌሊቱ ተነስቼ፣ ተንገጫግጬ፣ በስብሼ፣ የአንድ ጠዋት ሙቀቴን ጨርሼ የማገኛትን ቃል፣ ያ ማሽን ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ቁጭ እንዳለ አገኛት። ሲመሽ ከመርጋ ጋር ስመለስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መርጋም ደክሞሃል ብሎ ጃኬቱን አለበሰኝ። ጃኬቱ ሳይቀር ሽቶ ሽቶ ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጆንያ የቆጠርኩበት ነው፤ ምን ያህል እንደነበር አትጠይቁኝ፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጠፋብኝ ነበር። ከመጋዘኑ መስኮት የመርጋ ጣት ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ተጫን፤ አሁን ቡሬ ወጣ። አሁን እጇን አሳረፈች። አሁን አለችው። በቀን ምን ያህል ሰርኩላር እንደሚልክ ልንገራችሁ፤ ወረቀቱ በእኔ እግር ሲሄድ ሐጂ በሳምንት የሚናገሩት ነገር ጥቂት ነበር፣ በኢሜል ሲሆን ስለ መጥረጊያ ሳይቀር መናገር ጀመሩ። አንድ ቀን መርጋን ቡሬ ደኅና ናቸው ወይ ብዬ በዘዴ ጠየቅኩት። ደኅና ናቸው፣ እትዬ ብርቄ ጎበዝ ሆናለች፣ መልስ ሁሉ ትጽፍልኛለች አለኝ። ምን ብላ? አልኩት። «ደርሷል፣ አመሰግናለሁ።» እኔን አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም። ሆኤራ ከአመሰግናለሁ እንደሚበልጥ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ምሳዬን ትቼ ወጣሁ፣ ካሴት ቤቱ በር ላይ ቆሜ በሰው ዘፈን ስተክዝ ዋልኩ። ወደ ቡሬ የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላታለሁ? ድሮ በሩን የሚያንኳኳልኝ ወረቀቱ ነበር።

አንድ ጠዋት ሐጂ ጠሩኝ። ቢሮው ተረብሿል፤ የመርጋ ጸጉር እንኳ ትንሽ ተነስቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። መርጋ መሸኛውን በኢሜል ልኮ፣ ብርቄ አትማ፣ ቡና የጫነውን መኪና አስይዛ ሸኝታዋለች። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው ኬላ ላይ ግን ጠባቂው ወረቀቱን አየና ገመዱን አላነሳም አለ። የቡሬው ፕሪንተር ጥቁር ቀለም ብቻ ነው የሚያትመው፤ ማህተሙም ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። ጠባቂው «ይኼ የማህተም ፎቶ ነው እንጂ ማህተም አይደለም፤ ማህተም ሐምራዊ ነው» ብሏል አሉ። ምን ቢለምኑት እንቢ። መኪናው ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ላይ ቆሟል፣ ሸራው ያረጀ ነው፣ ውሃ ከገባ ቡናው ይበላሻል፣ ጭነቱን የሸኘችው ደግሞ ብርቄ ስለሆነች ተጠያቂዋ እሷ ናት። አሁኑኑ በእግር የሚሄድ መሸኛ ያስፈልጋል። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ፊቴን አሳዘንኩ። ፊቴን ብቻ ነው ያሳዘንኩት። ያን ጠባቂ ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር።

መርጋ መሸኛውን በአዲሱ ማሽኑ አተመው፣ ሐጂ ማህተሙን ከቀለሙ ደኅና አድርገው ነክረው ጠብ አደረጉበት፣ እኔም ተቀበልኩ። ከቢሮ ስወጣ እንደ ድሮዬ ላስቲኬን አወጣሁ፣ ጠቀለልኩት፣ ደረቴ ላይ አደረግኩት። መናኸሪያ ስደርስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በላስቲክ ውስጥ ያለ ወረቀት ምን ያህል ይሞቃል? ከማሽኑ ይበልጣል? ማሽኑን እኮ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ፣ ሲያትምም አጠገቡ ቆሜአለሁ፣ የሚያወጣው ወረቀት ትኩስ ነው። እኔ በላስቲክ በኩል ለብ ያለ ይዤ ብቀርብ፣ እሷም እጇን አሳርፋ ዝም ብትልስ? ላስቲኩን አወጣሁና ወረቀቱን በባዶ ገላዬ ላይ ለጠፍኩት። ለአንድ ኢሉባቦሬ፣ ያውም በክረምት፣ ያውም ዕድሜውን ወረቀት ሲያመላልስ ለኖረ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳን አትበሉኝ።

ከጎሬ እንዳለፍን ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንድ የተባለ ሁሉ ውረድ ተባለ። ከኋላ ገፋን፣ ከጎን ገፋን፣ ረዳቱ ቅጠል እየቆረጠ ጎማ ሥር ይከታል፣ ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል። ከላይ ዝናቡ፣ ከውስጥ ላቡ። ስንገፋ ደረቴን ነበር የኋላው በር ላይ የምደግፈው፣ በእጄ ብቻ አይሆንም ነበር። ወጥተን ስንሳፈር ወረቀቱን ዳበስኩት፤ አለ። ሞቋልም። እስቲ አሁን ማሽኑ ይብለጠኝ አልኩ በልቤ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ብርቄን አየኋት። ከመኪናው ጎን ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፤ ጃንጥላውን ለራሷ አይደለም የያዘችው፣ ሸራው በተቀደደበት በኩል ጆንያዎቹን ልታስጠልል ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታለች። ራሷ በስብሳለች። ስታየኝ «መጡ?» አለችኝ፣ እንደዚያ ብቻ፣ ግን ክንዷ ወረደ። ጠባቂውም ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አንጠልጥሎ ከጎጆው ወጣ። እኔ በኩራት ካፖርቴን ከፈትኩ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፣ እጄን ሰድጄ ወረቀቱን ሳብኩ። የመጣልኝ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ሳብኩ፣ እሱ ደግሞ እንደ ረጠበ ሶፍት እጄ ላይ ተበታተነ። ጽሑፉ እንኳ አለ። ማህተሙ ግን የለም። ባዶ ቦታ ላይ ደብዛዛ የወይን ጠጅ እድፍ ብቻ ነው ያለው።

ጠባቂው እድፉን አየ። እኔን አየኝ። ብርቄ ግን ወረቀቱን አይደለም የምታየው፣ ደረቴን ነው። ሸሚዜ ተከፍቷል። ከጡቴ ከፍ ብሎ፣ ከሽበቱ መሀል፣ ክብ ሐምራዊ ማህተም ቁጭ ብሏል። ጽሑፉ ተገልብጦ፣ ክቡ ግን አንድ ቦታ ሳይሰበር፣ ሐጂ በገዛ እጃቸው የመቱት ይመስላል።

ከዚያ ብርቄ ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ ጠባቂው ዞረች። እየሳቀች አይደለም፤ ለመንግሥት ጉዳይ በምትናገርበት ድምፅ ነው የተናገረችው። «ጋሼ፣ ሐምራዊ ነው ያሉት። ይኸው ሐምራዊ። ይኼ ሰው የኛ ነው።» ጠባቂው ጠጋ አለ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካኝ፣ ጣቱን አየ፣ ቀለሙ ለቋል። ራሱን አዘንብሎ የተገለበጠውን ጽሑፍ ሊያነብ ሞከረ። ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከአንድ ኬላ ጠባቂ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ገመዱ የታሰረበትን ግንድ ይዞ ነው የቆመው። ሲበቃው ዓይኑን ጠረገና ደንቡን ነገረን። ማህተሙ ያለው ሰውየው ላይ ስለሆነ ሰውየው ከጭነቱ መለየት አይችልም፤ ከመኪናው ጋር መቱ ይደርሳል፣ ሸሚዙንም እስኪያልፍ አይቆልፍም አለ። ገመዱ ተነሳ። እኔም ደረቴን ለብርድ ሰጥቼ እንደ ሰነድ አለፍኩ።

ብርቄም ነገሩን ለሐጂ ራሷ ልታስረዳ ጋቢና ውስጥ ገባች። ሾፌሩ፣ እሷ፣ እኔ። ነጠላዋን አውልቃ ደረቴን እንድሸፍን ሰጠችኝ። ጎሬን ስናልፍ፣ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ ላስቲኩን ምን አደረጉት አለችኝ። ሐሰት ላዘጋጅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። «ማሽኑ እንዳይበልጠኝ ብዬ ነው» አልኳት። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ፤ ይህ ሾፌር የሚባል ፍጡር ጆሮ ብቻ ነው። ብርቄ እስክሪብቶዋን ሻሿ ላይ ዳበሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው አገኘችው፣ አውጥታም መልሳ ሰካችው። ከዚያ «ወረቀት ባይኖርም መምጣት ይቻላል እኮ፤ መንገዱ ክፍት ነው» አለችኝ።

ማህተሙ ስንት ቀን እንዳልለቀቀ አልነግራችሁም። ሳሙና አልነካሁትም ነበር። መርጋ ግን አልተኛም፤ ለቡሬ ባለ ቀለም ፕሪንተር አስገዛ፣ ማህተሙም ሐምራዊ ሆኖ ይወጣ ጀመር፣ ጠባቂውም ገመዱን አነሳ። እኔ ግን ያን ጊዜ ወረቀት አልያዝኩም፤ ባዶ እጄን ነበር ቡሬ የምሄደው። ዓመት ሳይሞላ ጠቅልዬ ቡሬ ገባሁ። በሰርጋችን ላይ ስጦታውን ያነበበው ማን ይመስላችኋል? ማንም ሰው በራሱ ሰርግ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሊጋብዝ አይገባም። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ነበር የሚያዩት።

ያገባሁ ጊዜ ቅናቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሐጂ የሉም፣ ድርጅቱም ተበትኗል፣ ካሴት ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል። የድሮ ሠራተኞች ግን በስልክ ግሩፕ አለን፤ የመቱው፣ የጎሬው፣ የሁሩሙው፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። የከፈተው መርጋ ነው። በየጠዋቱ መልእክት ይልካል፣ ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ አይጽፍም፣ በድምፁ ነው የሚልከው። ብርቄ ደግሞ ስልኳን አንገቷ ሥር፣ ቀሚሷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ጠዋት ቁርስ ቀርቦ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ከሚስቴ ደረት ውስጥ የመርጋ ድምፅ እንዴት አደራችሁ ይለኛል። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጸጉሩ አለቀ፣ ድምፁ ብቻ አንድ ነገር አልሆነም። ዕድሜ እንኳ ያዳላለታል።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ልጁን እንደሚድር በግሩፑ ላከ፤ አበባ ያለበት፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለው የጥሪ ካርድ። ወረቀት አላሳተመም፣ ሁሉም በስልክ ይድረሰው ብሏል። ብርቄ አየችውና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሰርግ በወረቀት ነው የሚጠራው፣ እጄ ባልገባ ጥሪ አልሄድም አለች። የመርጋን ጥሪ አትሜ የማመጣው እኔ ልሁን ማለት ነው? እኔው ነኝ። ቡሬ መብራት አልነበረም፤ መቱ ሄድኩ።

ኮፒ ቤቱ በር ላይ ወረቀቱን ሳርገበግብ ለምን እንደነበር አሁን ገብቷችኋል። እስኪበርድ ጠበቅኩ። ጉንጬ ላይ አድርጌ አየሁት፤ ቀዝቅዟል፣ የማሽኑ ነገር በሙሉ ወጥቶለታል። ልጆቹ እያዩኝ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁና ከሥር አስገባሁት። በላስቲክ፤ ሰው አንዴ ይማራል። ሚኒባሱ በአስፋልቱ ላይ ስለሚበር ከድሮው ጊዜ ግማሽ እንኳ አይፈጅም፣ ስለዚህ ደረቴን በሁለት እጄ አቅፌ ነው የተቀመጥኩት፣ እንዲሞቅልኝ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ አባቴ ያምዎታል ወይ አለኝ። አዎ፣ ድሮ ነው የጀመረኝ አልኩት።

ቤት ስገባ ብርቄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን እየፈለገች ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። አላነበበችውም። የእጇን ጀርባ አሳረፈችበትና ትንሽ ቆየች። «ሆኤራ» አለች። እኔ ገና ቃሏን ሳልውጥ አንገቷ ሥር ያ ድምፅ ተነሳ፤ ወዳጆቼ፣ የልጄ ጥሪ ሁላችሁም ዘንድ ደርሷል ወይ ይላል። ብርቄ ስልኩን አወጣች፣ በአውራ ጣቷ ተጭና ወደ አፏ አስጠጋችው። «ደርሶናል» አለች፣ «ታዬ ነው ያመጣልኝ።» ጣቷን አነሳች። ፊው ብሎ ሄደ። ለመርጋ፣ ለጎሬዎቹ፣ ለሁሩሙዎቹ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰ። ይህ ነገር ፈጣን በመሆኑ ያን ቀን ብቻ ደስ አለኝ።